አዋጁ «ልጅ» ነው ያለው

በጠራራ ፀሐይ በየመንገዱ ሲንከራተቱ የሚውሉ ልጆችን ባየሁ ቁጥር አንድ አጭር ሰውዬ ትዝ ይለኛል። ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ቢኖር ኖሮ አንዳቸውንም አያሳልፍም ነበር። ልጆቼ «እማማ ደግሞ ያንን ዘበኛ ልታነሳ ነው» ብለው ይሳሳቃሉ። ይሳቁ። እኔ ያን ሰው ሳላመሰግን አልሞትም።

ነገሩ የሆነው እንጦጦ ላይ ነው። ከተማው ገና ቁልቁል ወደ ፍል ውሃ አልወረደም፤ ቤተ መንግሥቱም፣ ሠራዊቱም፣ ገበያውም ተራራው ጫፍ ላይ ተሰቅሎ በብርድ ይንዘፈዘፍ ነበር። እኛ የምንኖረው ከጫፉ ዝቅ ብሎ፣ በየካ በኩል ባለው ተዳፋት ላይ ነው። አባቴ ዘመቻ ሄዶ ቀርቷል፤ መልኩን እንኳ አላስታውሰውም። እናቴ ከጎጇችን ጀርባ ጌሾ ታበቅል ነበር። ተራራው ላይ ጠላና ጠጅ የማይጠምቅ ቤት ስለሌለ ጌሾ ተፈላጊ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጠሉን በእስር በእስር አድርገን ዳገቱን እንወጣና በእህልና በጨው ለውጠን እንመለሳለን። የምንበላው እሱን ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረንም።

የዚያን ጊዜ የእንጦጦ ልጆች ደግሞ ጉድ ነበሩ። የወታደር ልጅ፣ የአንጥረኛ ልጅ፣ አባቱ ወዴት እንደዘመተ የማያውቅ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ወላጆቻቸው ፊደል እንዲቆጥሩ የኔታ ዘንድ ይልኳቸዋል፤ እነሱ መንገድ ላይ ይበተኑና ገበያ ይገባሉ። የአንዷን በርበሬ ይዘግናሉ፣ የአንዱን ልጓም ፈትተው ይሰወራሉ። አንድ ቅዳሜ የአንድ ባላገር በቅሎ ከነኮርቻዋ ጠፍታ ሰው ሁሉ ሲተራመስ ዋለና፣ አመሻሽ ላይ ገደል አፋፍ ለአፋፍ ሦስት ወሮበሎች ጭና ስትንገላታ ተገኘች። የገበያው ሹም በቃኝ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያው መሃል ካለው ትልቅ ጽድ ሥር ከበሮ ተጎስሞ አዋጅ ተነገረ። የዕለት ቀለሙን ያልቆጠረ ልጅ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ብቻውን ከገበያ እንዳይገኝ፤ የተገኘ እንደሆነ በረት ውስጥ ይታጎራል፣ ማታ ወላጁ መጥቶ ይረከበዋል ተባለ።

ቀለም መቁጠር ማለት ያው ፊደሉን በስንደዶ እየነኩ አንድ በአንድ መጥራት ነው። የኔታ የዕለቱን ትምህርት ጨርሶ የተወጣውን ልጅ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ በሚጽፉበት ቀለም አንዲት ነጥብ ያደርጉለታል። ነጥቧ ያለችው ገበያ ይገባል፤ የሌለችው በረት ይገባል።

ያ አጭር ሰውዬ የገበያው በር ጠባቂ ነበር። የተራራው ግርጌ ሰው ነው፣ ኦሮሞ፤ እርሻውን ለልጆቹ ትቶ ሹሙ ዘንድ ያደረ። አማርኛውን እንደ ልቡ ይናገራል፤ አንድ ነገር ብቻ አለችው። ትልቅ ሰውን አንቱ ይላል፣ የቀረውን ግን ወንድ ይሁን ሴት «አንተ» ነው የሚለው። በኦሮምኛ «አቲ» ለወንዱም ለሴቱም አንድ ስለሆነ ነው፣ አማርኛው አልገባውም እያሉ ሰዎች ይሳሳቁበታል። ቅቤ ሻጮቹማ «አንተ ሴትዮ» እያለን አለቅን ይሉ ነበር። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በትሩን በሩ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል።

ልጆቹ ያታልሉት መስሏቸው ምን ያላደረጉት አለ። ከምድጃ ጥላሸት ጭረው ጥፍራቸው ላይ ያደርጋሉ። እሱ የራሱን ጣት ምራቅ ያስነካና ፈተግ ያደርጋል፤ ጥላሸቱ ይለቃል። የየኔታ ቀለም ግን ስንት ወር ተወቅጦና ተቦክቶ የተሠራ ነውና ቢፈትጉት ንቅንቅ አይልም። አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ጥላሸቱን በማር ለውሶ መጣ። ሰውዬው ጣቱን ፈተገና መልሶ ቀመሰው። «ዛሬስ ጣፍጠሃል፣ ግባ በረት» አለው። ያንን ሲተርኩ ሰፈሩ ለሳምንት ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ ገበያው ሰላም ሆነ፤ የየኔታ ግቢ ደግሞ በልጅ ጢም አለ። አዋጁን መጀመሪያ ያጉረመረሙበት እናቶች ሳይቀሩ ሹሙን ይመርቁት ጀመር።

እኔም እስቅ ነበር። ምን ቸገረኝ፣ የምሄደው ከእናቴ ጋር ነው። ዳገቱ ሲያደክመን ሸክማችንን የምናወርደው ከየኔታ አጥር ሥር ነበርና፣ እናቴ ስታርፍ እኔ ጆሮዬን አጥሩ ላይ ለጥፌ ሲንጫጩ እሰማለሁ። ሀ ሁ ሂ ሃ ይላሉ፣ እኔም በሆዴ እላለሁ። ዜማው ደስ ስለሚለኝ እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አልነበረም።

በዚያ ክረምት እናቴን ጭቃው አንሸራተታትና እግሯ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረላት፤ እስከ ገና ድረስ እንዳትረግጪ አላት። ዝናቡ ሲያቆም ጌሾውን ተሸክሜ ብቻዬን ገበያ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ሰውዬው በትሩን ወደ ፊቴ ዘረጋ። «ጣትህን አሳይ» አለኝ። ሳቄ መጣ። ኧረ እኔ ሴት ነኝ አልኩት።

«ልጅ ነህ፣ አይደለህም?»

ልጅማ ነኝ አልኩት። በእጁ በረቱን አሳየኝ። ያለቀስኩትን ማልቀስ፣ የለመንኩትን ልመና ተዉት። ሴቶቹ ኧረ በሕግ፣ ይህች ጨቅላ ምን አጠፋች እያሉ ተንጫጩበት። እሱ ሙጭጭ አለ። አዋጁ «ልጅ» ነው ያለው፣ ይላል፣ በቃ። ከዚያ በፊት ሴት ልጅ ብቻዋን መጥታ አታውቅም ነበርና የመጀመሪያዋ እኔ ሆንኩ። ቀኑን ሙሉ ከዚያ ሁሉ ወሮበላ ጋር በረት ውስጥ ዋልኩ፤ ቆሽቴ አረረ። ጌሾዬም አጠገቤ ዋለ።

ሲመሽ ወላጆች እየመጡ ልጆቻቸውን እየኮረኮሙ ወሰዱ። የእኔ ግን መምጣት አትችልም። ሰውዬው ሁሉም እስኪሄዱ ጠበቀና ጌሾውን በራሱ ትከሻ ላይ አድርጎ፣ ምሪኝ እንኳ ሳይለኝ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ቤቴ አደረሰኝ። እናቴ ከመደብ ላይ ሆና የስድብ መዓት አወረደችበት። እሱ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ስቦ ተቀመጠና ሰማት። እግሯን ጠየቃት። እሷም ሲብስባት ሁሉንም ዘረገፈችው። ጎታው ባዶ መሆኑን፣ ጎረቤት ሁሉ የራሱ ሸክም እንዳለበት፣ አንዲት ቅዳሜ ካለፈች የምንልሰው እንደሌለ ነገረችው። የአባቴ ወንድም ከበረኽ አገር ሆኖ ልጅቷን ስጪኝ ካለ ቆይቷል፤ ለወፍጮውና ለልጆቹ ሰው ፈልጎ ነው፣ ከፍ ስልም ለወደደው ይድረኛል። እስከዛሬ እምቢ ብላዋለች። አሁን ግን ነገ በዚያ በኩል ለሚያልፍ ነጋዴ መልእክት እንደምትሰጥ፣ በሚመጣው ቅዳሜም መጥቶ እንዲወስደኝ እንደምትነግረው ተናገረች። እናቴን ትቼ መሄድ ማለት ለእኔ መሞት ነበር። ልብሷን ይዤ ተንሰቀሰቅሁ፤ እሷም አለቀሰች። ሰውዬው ተነስቶ ሄደ። እናቴ ከኋላው «ድንጋይ» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ያ ድንጋይ ደጃችን ቆሟል። ልጁን ስጠኝ፣ የኔታ ዘንድ ይቆጥራል አላት፤ ልጁ እኔ ነኝ። እናቴ መሳቅም መቆጣትም አቃታት። ይዞኝ ሄደ።

የኔታ ረጅምና ቀጭን፣ ፈጣሪያቸውን የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ሰውዬው ይህንን ልጅ ቀለም ያስቆጥሩልኝ ሲላቸው አዩኝ፣ አዩትና፣ ሴት ፊደል ቆጥራ ምን ልትሆን ነው፣ ቅዳሴ ልትገባ ነው ወይ አሉት። እንግዲያው እንዲያው ነጥቧን ያድርጉለት አላቸው። በዚህ ጊዜ ተቆጡ። ያልቆጠረችውን ቆጥራለች ብዬ በቀለሜ አልዋሽም አሉ። እስቲ አሁን ምን ይባላል፤ አንዱ አዋጁን አላጥፍም ይላል፣ አንዱ በቀለሜ አልዋሽም ይላል፣ በመሃል የምፈጀው እኔ። ሰውዬው ትንሽ አሰበና እንግዲህ ዳኛ ይየን አለ። ብድግ ብሎ የነጠላቸውን ጫፍ ከነጠላው ጫፍ ጋር ቋጠረው።

ያኔ እንዲህ ነበር። ሙግት የገጠሙ ሰዎች ነጠላ ለነጠላ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አይላቀቁም። አንዱ ቢያመልጥ ረታ ማለት አይደለም፣ ተዋረደ ማለት ነው። ግን የኔታን የቆራኘ ሰው በዚያ ተራራ ላይ ታይቶ አይታወቅም። ያን ዕለት ደግሞ ዳኛው ጠዋት የሉም ተባለ። የኔታ ተማሪዎቻቸውን ባዶ አይሰዱም፤ ከነቁራኛቸው ተቀምጠው ማስተማር ጀመሩ። ስንደዶ ሊያነሱ ሲሉ ሰውዬውን ይጎትቱታል፣ እሱ ሲያንቀላፋ እሳቸውን ይጎትታቸዋል። ልጆቹ በሳቅ ሊፈርሱ ደረሱ። እኔ አጥሩ ሥር ተቀምጬ እንደ ልማዴ አዳመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው ከጽዱ ሥር ተቀመጡ። ገበያ ባይኖርም ወሬ ሰምቶ የመጣው ሰው ብዙ ነበር። የኔታ ረጋ ብለው ተናገሩ። አዋጁ «ያልቆጠረ ልጅ» ነው ያለው፣ «ያልቆጠረች» አላለም፤ ይህ ሰው ግን ለወንድም ለሴትም አንድ ቃል ነው ያለው፣ አማርኛው ስለሚያስተው እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አትፍረዱበት አሉ። ሰው ሳቀ። ዳኛውም ፈገግ አሉ። ሰውዬውን ምን ትላለህ ሲሉት ያችኑ ደገማት። ልጅ ነው፣ አይደለም? ልጅ ከሆነ አዋጁ ይዞታል። ሌላ ቃል አልጨመረም። ፍርዱ ወደ የኔታ ሲያጋድል አየሁት፤ ደስ ሊለኝም ነበር፣ ሴት ነሽ ብለው በነፃ ያሳልፉኛል ብዬ።

ከሕዝቡ መሃል አንዲት ቅቤ ሻጭ ብድግ አለች። አፏ የማይያዝ፣ ባለፈው ዓመት ቅቤዋን በሞራ ስትለውስ ተይዛ እዚያው ጽድ ሥር የተገረፈች ሴት ነበረች። «ጌታዬ፣ እኔንም ይዳኙኝ» አለች። «ቅቤ በሞራ የለወሰ ይገረፍ ነበር የተባለው። የለወሰች አልተባለም። እኔ ታዲያ ጀርባዬ የተገሸለጠው በየትኛው አዋጅ ነው?»

ሰዉ ፈነዳ። የኔታ ራሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲርገበገብ አይቻለሁ። ዳኛው እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ፍርድ ሰጡ። በከበሮ የተነገረ ቃል እኔ ዛሬ ለሴት ሲሆን ሌላ ነው ብል ነገ ሌባ ሁሉ ቀሚስ ለብሶ ይመጣብኛል አሉ። ልጅቷ ልጅ ናት፤ አዋጁ ይዟታል። የኔታ ደግሞ አዋጅ የያዘውን ልጅ አላስተምርም ሊሉ አይችሉም።

የኔታን እወድዳቸዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ቂም ይይዝ ነበር። እሳቸው የተቋጠረውን ነጠላ ሰውዬው ሲፈታ ጠበቁና፣ ነገ በጠዋት ላኳት፣ ግን ሳትቆጥር ነጥብ የለም አሉ።

ሰዉ ሲበተን ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ቀረበ። «አጥሩ ሥር ቆመሽ ስታዳምጪ ስንት ቀን አየሁሽ» አለኝ። «በይ በርቺ።»

ክው አልኩ። አየሁሽ፣ በርቺ። አንድም ቦታ አልሳተም። ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ እንደ ወትሮው ነው፣ በትሩን አንስቶ ወደ በሩ ሄዷል። ያ ሁሉ ሰው አማርኛ አያውቅም እያለ ሲስቅበት እሱ ዝም ያለው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም፣ ዛሬ ልጠይቅ ብልም የለም። ብልጥ ነበር። አንጀቴን ነው የበላው።

ማክሰኞ ጀመርኩ። ከልጆቹ ሁሉ አስቀድሜ የፊደሉን ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስወርደው የኔታ አፋቸውን ያዙ። እኔም ነጥቧን አገኘኋት ብዬ አውራ ጣቴን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ስንደዶውን አንስተው መሃል ላይ አንዱን ፊደል ነኩ። ይህ ማነው አሉኝ። ሀ አልኩ። ሌላውን ነኩ። ሁ አልኩ። የትኛውንም ቢነኩ እኔ የምለው ከመጀመሪያው ነው። በጆሮሽ ነው የቆጠርሽው፣ በዓይንሽ አልቆጠርሽም አሉኝ፤ ስድብ አልነበረም፣ አዝነው ነው። ረቡዕም እንዲያው ሆነ፣ ሐሙስም፣ ዓርብም። ዜማው አላስቆም ይለኛል፤ አንዱን ፊደል ስል ቀጣዩ ቀድሞ አፌ ላይ ይመጣል። ዓርብ ማታ ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። አጎቴ ነገ መንገድ ላይ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ልብሴን አጥባ መደቡ ላይ ዘርግታው ነበር።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ጌሾውን ተሸክሜ የኔታ ደጃፍ ደረስኩ። እሳቸውም ቀድመው ወጥተዋል፤ ቅዳሜ ለትምህርት ቀድመው አይወጡም ነበር፣ ለእኔ ብለው ነው። አትዚሚ አሉኝ። አፍሽን ዝጊና እይ። ይኸው ሉ፣ ወገቡ ላይ እጁን ዘርግቷል። ይኸው ሊ፣ እግሩ ሥር ጣት አብቅሏል። አሁን ፊደሉን ሁሉ እንዲህ እይው። አየሁ። መጀመሪያ አንዱ ብቻ ታየኝ፣ ከዚያ ባለ እጆቹ በሙሉ ባንዴ እጃቸውን ዘርግተው ታዩኝ፤ ሙም፣ ቡም፣ ኑም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስታ አላውቅም። ልጅ ወልጃለሁ፣ ድሬያለሁ፣ እንደዚያ ግን አልሆነልኝም። ስንደዶው ወደ ላይ ሲዘል፣ ወደ ታች ሲዘል፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ተከተልኩት። የኔታ የቀለም ብልቃጣቸውን ከፈቱ። ነጥቧ ጥፍሬ ላይ ስታርፍ ቀዝቃዛ ነበረች።

በሩ ላይ ስደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ሰውዬው ጣቴን ያዘ፣ የራሱን ጣት ምራቅ አስነካና ፈተገ። ከማንም ልጅ ይልቅ የእኔን አጥብቆና አስረዝሞ ፈተገ፤ እንዲያምነኝ ሳይሆን ሰዉ ሁሉ እንዲያይ ነው። ነጥቧ አልለቀቀችም። በትሩን አነሳልኝ። ጌሾዬ ገና ሳላወርደው አለቀ፤ ያቺ ቅቤ ሻጭ ሳትቀር ገዛች፣ ከቅቤዋም ጨመረችልኝ፣ ይኼኛው ሞራ የለበትም ብላ። ጤፉንና ጨዉን ተሸክሜ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩት።

የአጎቴ በቅሎ ደጃችን ታስራለች። አጎቴ ገብቶ ተቀምጧል፤ እናቴ ያለችንን ጠላ ሰጥታዋለች። ሲያየኝ መንገድ ሳይመሽብን እንነሳ፣ ጓዟን አምጪ አላት። እኔ ሸክሜን እንኳ ሳላወርድ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ወደ መደቡ ጠራችኝ። እህሉን አየችው፣ አልነካችውም። እጄን ነበር የፈለገችው። አውራ ጣቴን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ የቀሚሷን ጫፍ በምራቅ አርሳ ፈተገችው። ደግማ ፈተገችው። ከዚያ እጄን ሳትለቅ ቀና አለች።

«መውሰድ አይችሉም» አለችው። «አዋጅ ይዟታል።»

አጎቴ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እውነቱን ነው የተናገረው፤ የዚህ ገበያ አዋጅ በረኽ አይደርስም፣ እዚያ የሚጠይቃት የለም አላት። እውነትም አይደርስም። ያ በር ጠባቂ፣ ያ ዳኛ፣ ያ ሁሉ ሙግት ከዚያች ተራራ አያልፍም። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ሲለወጥ አየሁት።

«እንግዲያው እኔ ይዣታለሁ» አለች።

አጎቴ እግሯን አየ፣ ጎታውን አየ፣ መልሶ እሷን አየ። ጠላውን ጨረሰና ተነሳ፤ በቅሎዋን ፈትቶ መንገዱን ጀመረ። እናቴ ኮቴው እስኪጠፋ ድረስ ጣቴን ጨብጣ ቆየች፣ ከዚያ ጤፉን ቶሎ አበጥሪው፣ ሰኞ በጠዋት የኔታ ዘንድ ትሄጃለሽ አለችኝ።